ከጀግንነት ወደ ነፍሰ ገዳይነት፤ የማክቤዝ ታሪክ

አንባቢ ሆይ፥ ክፉ ሰው ኹሉ ክፉ ኾኖ የተወለደ አይምሰልህ።

ማክቤዝ የስኮትላንድ ንጉሥ ነበረ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1040 ዓመት ንጉሥ ዳንካንን በጦርነት አሸንፎ ነገሠ፤ በ1050 ዓመት ሮምን ሊሳለም ሄዶ ለድኾች ገንዘብ እንደ በተነ ተጽፎለታል። 17 ዓመት ገዝቶ በ1057 በዳንካን ልጅ በማልኮልም ጦር ተገደለ።

እንግሊዛዊው ሼክስፒር ግን በ1606 ገደማ በጻፈው ቴአትር ታሪኩን በሌላ መልክ አሳየው። በዚያ ማክቤዝ ዐመፀኞችን ድል ነሥቶ ንጉሡን ያዳነ ጀግና ነው፤ ንጉሡም ሹመት ጨመረለት። ሦስት ጠንቋዮች እንደሚነግሥ በነገሩት ጊዜ ግን የዘውድ ምኞት በልቡ ገባ። ሚስቱም ገፋፋችው። በቤቱ በእንግድነት የተኛውን ጌታውን በሌሊት ገደለው። ዘውዱንም እንዳያጣ ወዳጁን ባንኮን አስገደለ፤ የማክደፍን ሚስትና ልጆች አስፈጀ። ከዚህ በኋላ እንቅልፍ ዐጣ፤ ሚስቱ አእምሮዋ ታውኮ ሞተች፤ እርሱም በማክደፍ ሰይፍ ወደቀ።

እንግዲህ ልብ አድርግ፤ ጠንቋዮቹ እንደሚነግሥ ነገሩት እንጂ ግደል ብለው አላዘዙትም። እጁ በደም የተነከረ በዚያች ሌሊት ነው፤ ልቡ የጠፋ ግን ምኞቱን ተቀብሎ ባሳደረባት ቀን ነው። በጦር ሜዳ ብዙዎችን ያሸነፈ ሰው ራሱን ማሸነፍ ተሳነው።

አንተም በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ሳለህ የባልንጀራህን ስፍራ ብትመኝ፥ ምኞቱን ገና በደጅ ሳለ መልሰው። እንግዳ ኾኖ ከገባ በኋላ የቤቱ ጌታ ይኾናልና።