ኖርማን ሆልተር

ኖርማን ጄፈሪስ ሆልተር (እ.ኤ.አ. 1914 – 1983) አሜሪካዊ የባዮፊዚክስ ተመራማሪ ነበር። ሰው እየሠራና እየተንቀሳቀሰ ሳለ የልቡን ምት ለረጅም ሰዓት የሚመዘግበውን፣ በስሙም «ሆልተር» የሚባለውን መሣሪያ በመፈልሰፉ ይታወቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕይወት ታሪክ

ሆልተር በሞንታና ዋና ከተማ በሄሌና ተወለደ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አጥንቶ በሁለቱም የማስተርስ ዲግሪ አገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የባሕር ሞገድን አጠና፤ በ1946 በቢኪኒ በተደረገው የአቶም ቦምብ ሙከራም ተሳትፏል። ከዚያ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በ1947 የምርምር ድርጅት አቋቋመ። ላቦራቶሪው በቀድሞ የባቡር ጣቢያ ሕንጻ ውስጥ ይገኝ ነበር።

የችግሩ ምንነት

በዘመኑ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) የሚደረገው ታማሚው አልጋ ላይ ተጋድሞ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነበር። የልብ ምት መዛባት ግን ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ሰው ደረጃ ሲወጣ፣ ሲናደድ ወይም ሲተኛ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብሎ የሚጠፋም አለ። ስለዚህ በሐኪም ፊት ጤነኛ የሚመስል ልብ አደጋ ሊደብቅ ይችላል። ሆልተር ልብ መለካት ያለበት በዕለት ተዕለት ኑሮ መካከል ነው ብሎ ያምን ነበር።

የመሣሪያው ዕድገት

የመጀመሪያው መሣሪያ በጀርባ የሚታዘል ሲሆን 38 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። የልቡን ምልክት በሬዲዮ ያስተላልፍ ስለነበር ባለመሣሪያው ከመቀበያው ርቆ መሄድ አይችልም ነበር። ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ ክብደቱ በጣም ቀነሰ፤ በሬዲዮውም ፈንታ ተንቀሳቃሽ የቴፕ መቅጃ ገባ።

ይህ ግን ሌላ ችግር አመጣ። የልብ ምት በቀን 100,000 ያህል ስለሚደርስ አንድ በአንድ መመልከት አይቻልም። ሆልተርና ባልደረቦቹ ቴፑን በ60 እጥፍ ፍጥነት እያጫወቱ ምቶቹን በስክሪን ላይ የሚደራርብ ዘዴ ሠሩ። የተዛባው ምት ከሌሎቹ ተለይቶ ይታያል፤ የአንድ ሰዓት ቅጂም በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ሆልተር ዘዴውን በ1961 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳተመ።

ቅርስ

መሣሪያው በ1960ዎቹ ለገበያ ቀርቦ በሆስፒታሎች ተስፋፋ። ሆልተር በ1983 በሄሌና አረፈ። የዛሬው ሆልተር ዲጂታልና በኪስ የሚያዝ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ይለበሳል። ታማሚውም የሠራውንና የተሰማውን ከነሰዓቱ ይጽፋል፤ ሐኪሙ ከምቱ ጋር ያስተያየዋል። የልብ ምትን የሚከታተሉ የእጅ ሰዓቶችም የተመሠረቱት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።