ድንጋይ ፍለጋ የዞረው ብላንፎርድ

ኮልፌ ቀራንዮ ከአንድ ባልንጀራችን ቤት ተሰብስበን ወደ ወጨጫ ተራራ ስለሚደረገው የተማሪዎች የሥነ ምድር ጉዞ ስንመክር ክርክር ተነሣ። ከሳይንስ ፋኩልቲ የመጡት እኩሌቶቹ ተራራውን በሦስት ቀን እንዙረው አሉ፤ የቀሩት ደግሞ አንድ ሸለቆ ይዘን ከግርጌው እስከ ጫፉ እንውጣ አሉ። እኛ የአርት ፋኩልቲ ሰዎች፥ ለማስታወሻ ጸሐፊነት የተጠራን ነንና፥ ቀድሞ በአገራችን በዚህ ሥራ የደከመውን ሰው ታሪክ መረመርን። እርሱም እንግሊዛዊው ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጠራለን።

ብላንፎርድ በ1832 በለንደን ተወለደ። ለንግድ ታስቦ ሁለት ዓመት በኢጣልያ ወደብ በቺቪታቬኪያ ከሠራ በኋላ ንግዱን ትቶ የማዕድን ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም ከወንድሙ ከሄንሪ ጋራ በሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በዚያ በሚያቃጥለው አገር፥ በታልቺር፥ ያገኙት የቋጥኝ ክምር በጥንት ዘመን በረዶ ያመጣው መሆኑን ወንድማማቾቹ ተናገሩ።

ወደ እኛ አገር የመጣው በ1868 ነው፤ አመጣጡ ግን ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት በሰር ሮበርት ናፒየር አዛዥነት ከሕንድ ከተነሣው ጦር ጋራ ተመድቦ መጣ። ከዙላ እስከ መቅደላ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጦሩ 44 ዝሆኖች ነበሩት፤ እኛ የአንድ አህያ ኪራይ እንኳ አዋጥተን አልሞላልንም!

የጦር መንገድ ዞር ዞር ብሎ ለማየት አያመችም። ብላንፎርድ ግን በዚያው በአንዱ መስመር የድንጋዩን ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ አነበበ። ከጥንታዊው መሠረት በላይ የአሸዋ ድንጋይ፥ ከእርሱ በላይ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅሪት የያዘ የኖራ ድንጋይ፥ ከሁሉ በላይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ አለ። አሸዋውን ዐዲግራት፥ ኖራውን እንጣሎ፥ የእሳተ ገሞራውን የታችኛውን አሸንጌ፥ የላይኛውን መቅደላ ብሎ ሰየመ። ስሞቹ እስከ ዛሬ በሥነ ምድር መጻሕፍት አሉ።

መቅደላ ሲባል ቤቱ ዝም አለ። ያ አምባ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን ያሳለፉበት፥ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት የተዘረፉበት ነው። አንዱ ባልንጀራችን ከዚያ ጦር ጋራ የመጣን ሰው አርአያ ማድረግ ነውር ነው ብሎ ተቆጣ። ቍጣው እውነት አለው፤ እኛም አልተከራከርነውም። ነገር ግን ሰውየው ድንጋያችንን ለእንግሊዝ መኳንንት መታሰቢያ አላደረገውም፤ በአገሩ ስም ጠራው እንጂ። ከጦርነቱም በኋላ በዛሬዪቱ ኤርትራ በቦጎስ በኩል አራዊትና አዕዋፍ ሲሰበስብ ቆየ፤ መጽሐፉን በ1870 አሳተመ።

ኋላ ፋርስን ዞረ፤ በ1879 ከሜድሊኮት ጋራ የሕንድን ሥነ ምድር መጽሐፍ አወጣ፤ የለንደን ጂኦሎጂ ማኅበር ፕሬዚዳንትም ሆነ። በ1905 በለንደን ሞተ።

በክርክራችን አንድ ሸለቆ የሚለው ወገን ረታ። መንገድ የሚያሳየን የአገሩ ሰው ስም በማስታወሻው በመጀመሪያው ገጽ እንዲጻፍ ያ የተቆጣው ባልንጀራችን ጠየቀ፤ ሁሉም ተስማማ። ወጨጫ እሳተ ገሞራ የሠራው ተራራ ስለሆነ የኖራ መፈተኛውን አሲድ ትተን ሁለት መዶሻ፥ አንድ ኮምፓስና የበሶ ስልቻ ይዘን ክረምቱ ሲወጣ በጥቅምት እንነሣለን። የአህያው ነገር ገና አላለቀም።