የሳንቲሙ ዶክተር፤ ዊልያም ሼልደን

ዊልያም ሼልደንን ከመካከላችን የሥነ ልቡና ትምህርት የተከታተለ ሁሉ በስም ያውቀዋል። የሰውን ገላ ወፍራም፥ ጡንቸኛና ቀጭን ብሎ በሦስት የከፈለ፥ ጠባይም ከገላ ጋራ ይሄዳል ያለ ሰው ነው። ብዙዎቻችን የማናውቀው የሳንቲም ሰብሳቢውን ሼልደን ነው።

የተወለደው በአሜሪካ፥ በሮድ አይላንድ ግዛት በ1898 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። የፍልስፍናም የሕክምናም ዶክተር ሆነ። ልቡ ግን በአሮጌ መዳብ ላይ ነበር። በፊላዴልፊያ ከ1793 ጀምሮ የተመቱት ትልልቅ የመዳብ ሴንቶች ቅርጻቸው በእጅ ይሠራ ስለ ነበር አንዱ ከሌላው ይለያል፤ ፊደሉ ይዘምማል፥ ቍጥሩ ይራራቃል። እንዲያውም በመጀመሪያው ዓመት ከወጡት በአንዱ ላይ አሜሪካ የሚለው ስም እንኳ ሳያልቅ በአጭሩ ቀርቷል። ሼልደን በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ እስከ 1814 ያሉትን አንድ በአንድ ለይቶ ቍጥር ሰጣቸው። ሰብሳቢዎች ዛሬም የሚጠሯቸው በዚያው ቍጥር ነው።

በዚያው መጽሐፍ ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መመዘኛ አወጣ። ዐሳቡ ቀላል ነው፤ መልኩ የጠፋው ሳንቲም 1 ዶላር ቢያወጣ፥ እንከን የሌለው 70 ያወጣል ማለት ነው። የዋጋው ስሌት ብዙ ሳይቈይ ፈረሰ፤ መመዘኛው ግን ወደ ብሩና ወደ ወርቁም ተሻግሮ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሰውንም እንደ ሳንቲም በቍጥር መዘነ፤ ለያንዳንዱ የገላ ዐይነት ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጥ ነበር። ለዚህ ሥራ በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ተማሪዎች ራቍታቸውን ፎቶግራፍ ተነሡ። ተማሪዎቹ የተነገራቸው የቁመናቸው አቋም ሊታይ ነው ተብሎ ነው። እኛ ተማሪዎች ይህን በቀላሉ አናልፈውም። በ1950 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አንዲት ተማሪ ለወላጆቿ ነገረችና ፎቶግራፎቹ ተይዘው ተቃጠሉ። ረዳቱ የነበረችው ተመራማሪም ነጥቦቹን ለዐሳቡ እንዲስማሙ ያስተካክል እንደ ነበር ኋላ መሰከረች።

ሼልደን በ1977 ሞተ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የኑሚስማቲክ ማኅበር ስብስቡን ቢመረምር፥ ጆርጅ ክላፕ ከሰጠው ስጦታ ውስጥ ከ100 የሚበልጡ ሴንቶች በዝቅተኞች ተለውጠው አገኘ። ምርጦቹን ወስዶ የራሱን ተራ ሳንቲሞች በቦታቸው የተካው፥ እንደ ሊቅነቱ ታምኖ ሣጥኑ የተከፈተለት ሼልደን ነበር። ስብስቡን በ1972 ሸጦት ስለ ነበር ነገሩ ለገዢው ተረፈ። በ1990ዎቹ በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ክርክር ተደርጎ ፍርዱ ለማኅበሩ ሆነ።