የእንፋሎት መሐንዲሱ ጋይ ካሌንደር እና የምድር መሞቅ

ከኃይል ማመንጫ ማማዎች የሚወጣው ነጭ ደመና ምድርን ያሞቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ይነሣል። ጥያቄው መሠረት የሌለው አይደለም፤ በከባቢ አየር ውስጥ ካሉት ሙቀት አማቂ ጋዞች ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው የውኃ ተን ነውና። መልሱን ለመረዳት የጋይ ስቱዋርት ካሌንደርን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል። ይህ ሰው በሙያው የእንፋሎት መሐንዲስ ሆኖ ሳለ፣ ለምድር መሞቅ ምክንያት አድርጎ ያቀረበው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ነበር።

ካሌንደር እ.ኤ.አ. በ1898 በካናዳ ሞንትሪያል ተወለደ፤ ያደገው ግን በእንግሊዝ ነው። አባቱ ሂው ካሌንደር በፕላቲነም ቴርሞሜትር ሥራው የታወቀ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ልጁ በሕፃንነቱ የአንድ ዓይኑን ብርሃን ስላጣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለውትድርና ብቁ አልሆነም፤ በአባቱ ቤተ ሙከራ ሠራ። ምህንድስና ከተማረ በኋላም ከአባቱ ጋር የእንፋሎትን ጠባይ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ማጥናቱን ቀጠለ። አባቱ በ1930 ሲሞት ሥራውን ለብሪታንያ የኤሌክትሪክ ኢንዱስትሪዎች የምርምር ማኅበር አካሄደ።

የአየር ንብረት ጥናቱ የትርፍ ጊዜ ሥራው ነበር። በ1938 ለብሪታንያ ንጉሣዊ የሜትሮሎጂ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ የ147 ጣቢያዎችን የሙቀት መዝገብ አጠናቅሮ፣ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ወደ 150 ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር እንደተለቀቀና ሦስት አራተኛው እዚያው እንደቀረ ገመተ። ጋዙ በዓመት 0.003 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሞቃል ብሎ አሰላ፤ ጣቢያዎቹ የመዘገቡት 0.005 ነበር። ያለ ኮምፒውተር የተሠራው ይህ የሙቀት መዝገብ ከዘመናዊዎቹ ጋር እጅግ መቀራረቡ ያስደንቃል። በስብሰባው የተገኙት የሙያው ሰዎች ግን አልተቀበሉትም፤ ከእነርሱም አንዱ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱን ይመራ የነበረው ሰር ጆርጅ ሲምፕሰን ነበር።

እንፋሎትን ለምን ተወው? ካሌንደር አብዛኛው የምድር ገጽ ለአየሩ የማያልቅ ተን እንደሚያቀርብ አስተውሏል። በየዓመቱ ከምድር ገጽ 500,000 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ ይተናል፤ በማማ የሚቀዘቅዝ የ1,000 ሜጋ ዋት ማመንጫ በዓመት የሚጨምረው 0.02 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየሩ የሚይዘውን የተን መጠን የሚወስነው ሙቀቱ ስለሆነ፣ ትርፉ በአማካይ በዐሥር ቀን ገደማ ዝናብ ወይም ጤዛ ሆኖ ይመለሳል። በማማው አናት ላይ የምናየው ነጩ ነገርም ቢሆን ተን ሳይሆን የውኃ ጠብታ ነው፤ ተን በዓይን አይታይም። ማመንጫው በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ከሆነ ከጭስ ማውጫው የሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ አይታይም፤ ነገር ግን ወደ ዝናብ ስለማይለወጥ ጉልህ ክፍሉ ለብዙ መቶ ዓመታት በአየር ውስጥ ይቆያል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ካሌንደር ነዳጅ በማንደድ ከአውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ጉም በሚገፈፍበት ፊዶ በተባለው ፕሮጀክት ተሳተፈ። የጉሙን ጠብታዎች አሙቆ ወደማይታይ ተን መለወጥ ለእንፋሎት ባለሙያ እንግዳ ሥራ አልነበረም።

ሁለት ነገር ግን ስቷል ማለት ይቻላል። የምድር መሞቅ በረዶ ዘመንን የሚያዘገይ በጎ ነገር ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለ ተንም ቢሆን፣ መጠኑ ቢለወጥ ደመናና የአየር ዝውውር ሚዛኑን ይመልሱታል ብሎ አሰበ። በአንድ ዲግሪ ሙቀት አየሩ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ተን እንደሚይዝ፣ ይህም በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተጀመረውን ሙቀት እንደሚያባብስ በስሌቱ አላካተተም። ስለዚህ ተን ለሙቀቱ መነሻ ባይሆንም አባባሽ ነው።

ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 በሃዋይ ማውና ሎአ የጀመረው ልኬት የካርቦን ዳይኦክሳይድን መጨመር አረጋገጠ፤ ይሁን እንጂ በእንግሊዝ የ1962/63 ክረምት እጅግ ቀዝቃዛ ስለነበር የካሌንደር ንድፈ ሐሳብ ሰሚ አላገኘም። እርሱም በጥቅምት 1964 ዐረፈ። ስዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌተራልድ የተንን አባባሽነት ያካተተ ስሌታቸውን ያሳተሙት ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር።