በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እና ለመላው አገር የታሰበው አንድ ሕግ

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአብዛኛው አንባቢ ዘንድ የሚታወቁት «ፋቡላ» የተባለውን የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ተውኔት በመጻፋቸው ነው። የመንግሥት አስተዳደር ታሪክን የሚከታተሉ ደግሞ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገሪቱን የመጀመሪያ ጽሑፋዊ ሕገ መንግሥት በማርቀቃቸው ያስታውሷቸዋል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሁለተኛው ሥራቸው ላይ ነው።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሐረር ወርደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ፤ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳይሞላቸውም ከዓድዋ ዘመቻ ጋር ተጓዙ። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ መኰንንነት ትምህርት ተማሩ። ለዓመታት በባዕድ አገር ኖረው ሲመለሱ ያዩትን የአውሮፓ ሥርዓት ከአገራቸው አሠራር ጋር ማነጻጸራቸው አልቀረም። በእንስሳት ተረት አስመስለው የጊዜውን አስተዳደር የነቀፉበት «ፋቡላ» ዳግመኛ እንዳይታይ መከልከሉ ንጽጽሩ ምን ያህል እንዳስቆጣ ያሳያል።

ያን ጊዜ አገሪቱ በአንድ ዘውድ ሥር ብትሆንም በአንድ ሕግ የምትተዳደር አልነበረችም። እንደ ጅማ፣ ሌቃ ነቀምት፣ ሌቃ ቄለምና ቤኒሻንጉል ያሉት ግዛቶች የተወሰነ ግብር ለማዕከላዊው መንግሥት እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን በቀድሞ ባላባቶቻቸው እጅ ይዘው ነበር። ጎጃምና ትግራይ በየተወላጅ መሳፍንቶቻቸው ይገዙ ነበር። በጦር በተያዙት ብዙ የደቡብ አገሮች ደግሞ ገበሬው ለሹመኛውና ለወታደሩ ገባር ሆኖ በጉልበቱና በምርቱ ይገብር ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው የሚከፍለው ግብርና የሚዳኝበት ሥርዓት የሚወሰኑት በሚኖርበት ስፍራ ነበር። ፍትሐ ነገሥት በማዕከሉ የተከበረ የሕግ መጽሐፍ ቢሆንም በየአካባቢው የሚሠራው በአብዛኛው የአገሩ ልማድና የገዢው ፈቃድ ነበር።

ተክለ ሐዋርያት ይህን ልዩነት ያዩት በሥራ ላይ ሆነው ነው። ጅጅጋን ሲያስተዳድሩ ከተማይቱ በቀጥተኛ ጎዳናዎች እንድትቀየስ አደረጉ። ወደ ጨርጨር ተዛውረውም አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ የአውራጃው ዋና ከተማ አድርገው ሠሩ። በእርሳቸውና ከእርሳቸው በኋላ በተሾሙት በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ዘመን ጨርጨር ለሌሎች ግዛቶች አርአያ እንዲሆን የታሰበ አውራጃ ነበር። የአንድ አውራጃ መሻሻል ግን በገዢው ሰብእና ላይ የቆመ በመሆኑ ሹመቱ ሲለወጥ አሠራሩም ሊለወጥ ይችላል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ሕገ መንግሥት የማርቀቁን ሥራ ለተክለ ሐዋርያት ሰጡ። በ1881 ዓ.ም. የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ዋና አርአያ ሆኖ አገለገለ። ከፍተኛ ክርክር የተነሣው ግን በግዛቶች ጉዳይ ላይ ነበር። ታላላቆቹ መሳፍንት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው የግዛት ገዢነታቸው በሕግ እንዲረጋገጥላቸው ፈለጉ። ይህ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ግዛት በገዛ ቤተሰቡ ርስትነት በጽሑፍ ይጸና ነበር። በመጨረሻው ሰነድ ውስጥ ይህ መብት አልገባም፤ በዘር የሚወረስ ሥልጣን ሆኖ በሕግ የቀረው የንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ብቻ ሆነ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመው ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት። የመጀመሪያው አንቀጽ የኢትዮጵያ ምድር ከዳር እስከ ዳር በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሥር መሆኗን ሲደነግግ፣ ቀጥሎ የሚገኘው የአገርን፣ የሕዝብንና የሕግን አንድነት ያረጋግጣል። ማንም ሰው ያለ ሕግ እንዳይታሰርና እንዳይቀጣ፣ ቤቱ እንዳይበረበርና ንብረቱ እንዳይወሰድ ተደነገገ። የመንግሥት ገቢም በዓመታዊ በጀት ብቻ እንዲወጣ ታዘዘ። በጅሮንድ ማለት የግምጃ ቤት ሹም ማለት ነውና ይህን የመጨረሻ ድንጋጌ ረቂቁን ያዘጋጁት ሰው ከልብ እንደፈለጉት መገመት አያስቸግርም።

የሰነዱ ድካም ግን ከዚያው ሰነድ ውስጥ ይታያል። መብቶቹ የተሰጡት ከንጉሠ ነገሥቱ በጎ ፈቃድ ነበር፤ ሥልጣናቸውንም የሚገታ አካል አልተቋቋመም። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ሲሆኑ፣ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ተወሰነ። የጅማ ወይም የቤኒሻንጉል ነዋሪ ከሌላው ጋር በአንድ ሕግ ሥር ተቆጠረ፤ ሕጉ ሲወጣ ግን የሚናገርለት የራሱ እንደራሴ አልነበረውም።

በ1924 ዓ.ም. የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር ተያይዞ ከሥልጣን ተነሥተው ራስ እምሩ ተተኩ። በዚያው ዓመት ጅማ የነበራትን የውስጥ አስተዳደር አጥታ ከማዕከል በሚላክ ሹም መተዳደር ጀመረች። በትግራይ ግን የተወላጅ መሳፍንቱ አገዛዝ ቀጠለ። ሕጉ የደረሰው የማዕከሉ ክንድ በደረሰበት ልክ ነበር ማለት ይቻላል።

ሥራው ሥር ሳይሰድ ጦርነት መጣ። ተክለ ሐዋርያት ከወልወል ግጭት በኋላ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያን አቤቱታ ያቀረቡ መልእክተኛ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው መሄዳቸውን አልደገፉም። እርሳቸውም በስደት በጅቡቲና በኤደን አልፈው በማዳጋስካር ረጅም ዘመን ኖሩ። ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባላት በቀጥታ እንዲመርጥ የፈቀደው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ሲወጣ፣ እርሳቸው ካረቀቁት 24 ዓመታት አልፈው ነበር።

ከስደት ከተመለሱ በኋላ ከከፍተኛ ሥልጣን ርቀው ኖሩ። የጻፉት የሕይወት ታሪክ ከሞታቸው ብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። የዘውዱን መውደቅ በሕይወት ሳሉ አይተው፣ በ1969 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ገደማ አረፉ።