መዝጊያ የሌለው ቦይ፦ የፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ ሕይወትና ከምፅዋ የተነሣው መንገደኛ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ ታላቅ የግንባታ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ መሐንዲስ ያልነበረ ሰው መምረጤ አንዳንድ ባልደረቦቼን ሳያስገርም አይቀርም። ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ ዲፕሎማት ነበር። ይሁን እንጂ የስዊዝ ቦይ በተነሣ ቁጥር የሚታወሰው ስም የእርሱ ነው፤ የሥነ ሕይወት ሊቃውንትም ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እርሱ በሕይወቱ ሳለ ፈጽሞ ያላሰበውን አንድ ክስተት በስሙ ሰይመውለታል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ደ ሌሴፕስ በ1805 ዓ.ም. በቬርሳይ ከተማ፣ ከዲፕሎማቶች ቤተሰብ ተወለደ። በሊዝበንና በቱኒስ ካገለገለ በኋላ በ1832 ወደ እስክንድርያ ተላከ። የመጣባት መርከብ ስለ በሽታ ጥርጣሬ ኳራንቲን በገባች ጊዜ፣ ጊዜውን እንዲያሳልፍበት ከተላኩለት መጻሕፍት መካከል ለፔር የተባለው የናፖሊዮን መሐንዲስ ስለ ሁለቱ ባሕሮች መገናኘት ያዘጋጀው ጥናት ይገኝበት ነበር። በግብፅ ሳለም የመሐመድ ዓሊን ልጅ ሳዒድን ወዳጅ አደረገ። አባቱ ስለ ውፍረቱ ምግብ የከለከሉት ይህ ልጅ በደ ሌሴፕስ ቤት በድብቅ መኮሮኒ ይበላ እንደነበር ይተረካል። ተረኩ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ሳዒድ በ1854 የግብፅ ገዥ በሆነ ጊዜ የቦዩን ፈቃድ ለደ ሌሴፕስ በዚያው ዓመት መስጠቱ ግን የታሪክ እውነት ነው።

ለእኛ ሙያ ከሁሉ የሚያስገርመው የለፔር ጥናት ነው። በ1799 በጦርነት መካከል እየተቋረጠ የተካሄደው ልኬት፣ ቀይ ባሕር ከሜዲትራኒያን ባሕር ወደ 10 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል የሚል ውጤት ሰጠ። ይህ የልኬት ስሕተት ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ የሰውን አሳብ አስሮ ያዘ፤ እንዲህ ያለ ልዩነት ካለ ቦዩ የውሃ መዝጊያ በሮች ያስፈልጉታልና። በ1847 ቡርዳሉ የተባለው ፈረንሳዊ የመራው ቡድን ልኬቱን በጥንቃቄ ሲደግመው የሁለቱ ባሕሮች የከፍታ ልዩነት ከቁም ነገር የማይገባ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህም ኔግሬሊን፣ ሊናን ደ ቤልፎንንና ሙዤልን የመሰሉ መሐንዲሶች የደከሙበት ንድፍ ከባሕር እስከ ባሕር አንድም በር የሌለው ቦይ ሆነ። የዚህን ውሳኔ ትክክለኛነት በመርከብ ሚዛን ብንመዝነው ዛሬም እንከን አይወጣለትም።

ሥራው በሚያዝያ 1859 በፖርት ሳይድ ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአካፋና በቅርጫት አፈሩን ያወጡት በግዳጅ የተሰበሰቡ የግብፅ ገበሬዎች ናቸው፤ የደ ሌሴፕስን ሕይወት የሚያወድሱ ብዙ መጻሕፍት በዚህ ቦታ ላይ ፈጥነው ያልፋሉ። የግዳጁ ሥራ በ1864 ሲቀር የቦሬልና የላቫሌ የእንፋሎት መቆፈሪያ ማሽኖች ተተኩ፤ ከቁፋሮው አብዛኛውን ክፍል የፈጸሙትም እነርሱ ናቸው። ኅዳር 17 ቀን 1869 ቦዩ ተመረቀ።

አሁን ወደ መንገደኛው ልመለስ። ማንቲስ ሽሪምፕ በስሙ ሽሪምፕ ይባል እንጂ ከእውነተኛው ሽሪምፕ የተለየ ወገን የሆነ፣ ቅርፊት ለባሽ የባሕር እንስሳ ነው። የማደኛ እግሮቹን ለጸሎት እንደ ቆመ ሰው በደረቱ ላይ አጥፎ ይጠብቃል። ከወገኖቹ አንዳንዱ ይቀጠቅጣል፣ ሌላው ይወጋል። የሚቀጠቅጡት ኮርቻ የመሰለውን የእግራቸውን ክፍል እንደ ስፕሪንግ ወጥረው በአንድ ጊዜ ሲለቁት፣ ምቱ በሴኮንድ ከ20 ሜትር በላይ ይፈጥናል፤ በዚህም የተነሣ በፓምፕና በተርባይን ምላጭ ላይ የምናውቀውና የምንፈራው ካቪቴሽን ይፈጠራል፤ አረፋውም ሲፈርስ ያደነውን ቀንድ አውጣ ለሁለተኛ ጊዜ ይመታዋል። ኮስማን የተባለው ጀርመናዊ በ1880 በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረውና በምፅዋ ስም የጠራው ዝርያ ግን ከሚወጉት ነው። አንድ ስንዝር የማይሞላው ይህ እንስሳ በአሸዋና በጭቃ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ይኖራል፤ ዓሣና ትናንሽ ቅርፊት ለባሾችን በሾሃማ ክንዱ ወግቶ ይይዛል። ልጆቹ ከእንቁላል እንደ ወጡ ለሳምንታት በውሃው ላይ ስለሚንሳፈፉ ሞገዱ ወደ ወሰዳቸው ይሄዳሉ።

በቦዩ ውስጥ ያለው ሞገድ ደግሞ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል ወደ ሰሜን ያመራል። በመጀመሪያ መንገዱን ሁለት ነገሮች ዘግተውት ነበር፤ አንደኛው በመራራ ሐይቆች ወለል ላይ የተከማቸው ወፍራም የጨው ንጣፍ ውሃውን እጅግ ጨዋማ ማድረጉ፣ ሁለተኛው የዓባይ ሙላት በየዓመቱ የፖርት ሳይድን ባሕር ማቅጠኑ ነው። ጨው ግን ይሟሟል። የምፅዋው ማንቲስ ሽሪምፕ በ1930ዎቹ ዓመታት በግብፅ የሜዲትራኒያን ጠረፍ ተገኘ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሙላቱን ሲይዝ ሁለተኛው እንቅፋትም ተነሣ፤ ቦዩም በየጊዜው ሰፋ፣ ጠለቀ። ዛሬ በዚያ መንገድ ያለፉት የቀይ ባሕር ዝርያዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ፍራንሲስ ዶቭ ፖር የተባለው ሊቅ በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ፍልሰት የሌሴፕስ ፍልሰት ብሎ ጠራው።

ደ ሌሴፕስ ከስዊዝ በኋላ በክብሩ ላይ ቢያርፍ መልካም ነበር። በ1879 በፓሪስ ጉባኤ ላይ የፓናማን ቦይ ሲያቅድ፣ ያንኑ መዝጊያ የሌለውን ንድፍ በተራራማና ዝናባም አገር ሊደግም ተነሣ። ጎደን ደ ሌፒኔ የተባለ መሐንዲስ ወንዙን ገድቦ ሰው ሠራሽ ሐይቅ መፍጠርንና በበሮች መውጣትን ቢያቀርብም የሰማው አልነበረም። ስዊዝ አሸዋ ነበረች፤ ፓናማ ግን የሚናድ ተራራና የሚሞላ ወንዝ ነበረች። ቢጫ ወባና ወባ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ፈጁ። በሮች እንዲገቡ ሲስማማ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ኩባንያው በ1889 ፈረሰ፣ የብዙ ትናንሽ ባለአክሲዮኖች ጥሪትም አብሮ ጠፋ። በ1893 በእርሱና በልጁ ላይ የእስራት ፍርድ ተላለፈ። እርሱ አልታሰረም፤ በኅዳር መጨረሻ በ1869 ካገባት ሁለተኛ ሚስቱ ጋር በገጠር ቤቱ ሳለ በታኅሣሥ 1894 በ89 ዓመቱ ሞተ።

በ1914 የተከፈተው የፓናማ ቦይ በበሮችና በጋቱን ሐይቅ ተሠራ። የሐይቁ ውሃ ጨው አልባ በመሆኑ ከአንዱ ውቅያኖስ ወደ ሌላው የሚያልፉት የባሕር እንስሳት ጥቂቶች ናቸው፤ ይህን ማንም አስቦ አላደረገውም።

በፖርት ሳይድ ቆሞ የነበረው የደ ሌሴፕስ ሐውልት በ1956 ከጦርነቱ በኋላ ፈረሰ። በዚያው ጠረፍ መረባቸውን የሚጎትቱ ዓሣ አጥማጆች ግን የምፅዋን ስም የያዘውን እንስሳ ከዓሣው ጋር ያወጣሉ፤ ሾሃማ ክንዱና ጅራቱ እጅ ስለሚቆርጡም መረቡን ሲፈቱ ይጠነቀቁለታል።