በመርፌ ታሪክ የጻፈችው ሐሪየት ፓወርስ

በእኛ አገር ብዙ ቦታ የተጣፈ ጨርቅ ሲታይ ድሪቶ ይባላል። ቃሉ ምስጋና የለበትም። ችግር ያስጣፈውን፣ ብርድ እንዳይገባ ተብሎ በላይ በላዩ የተደረተውን ነው የሚያመለክተው። ዛሬ ሕይወቷን የምንተርክላችሁ ሴት ግን ከዚሁ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተነሥታ፣ ሊቃውንት ቆመው የሚያነቡት ሥራ ትታ አልፋለች። ስሟ ሐሪየት ፓወርስ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሪየት የተወለደችው ኦክቶበር 29 ቀን 1837 በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር፣ አቴንስ በምትባለው ከተማ አጠገብ ነው። እናትና አባቷ ባሮች ስለነበሩ እሷም ባሪያ ሆና ተወለደች። በ1855 አርምስቴድ ፓወርስ የሚባል ሰው አገባችና ልጆች ወለዱ። ከ1861 እስከ 1865 የቆየው የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ ነጻ ወጡ። ነጻነት ግን ዳቦ ይዞ አልመጣም። ባልና ሚስት ለዓመታት ደክመው በ1880ዎቹ አራት ኤከር መሬት፣ ማለትም ወደ 1.6 ሔክታር የምትሆን እርሻ ባለቤት ለመሆን በቁ። ሐሪየት ቀን እርሻና ቤት ትሠራለች፣ ጊዜ ስታገኝ ትሰፋለች።

ምን ነበር የምትሰፋው? በዚያ አገር ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሠራ የብርድ አልጋ ልብስ አለ። አሠራሩ ሦስት ድርብ ነው። ከታች ገበር ይነጠፋል፤ በመካከል ባዘቶ ይደለደላል፤ ከላይ ፊቱ ይሆናል። ከዚያ ሦስቱ አንድ ላይ እንዲያያዙና ባዘቶው እንዳይሰበሰብ፣ መርፌው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየተመላለሰ ከዳር እስከ ዳር ይሰፋል። ብዙዎች ለፊቱ ካሬ ካሬ ቁራጭ ገጥመው ይተዉታል። ሐሪየት ግን ጨርቁን በሰው፣ በእንስሳ፣ በፀሐይና በኮከብ መልክ እየቈረጠች፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ እያጠፈች በሌላ ጨርቅ ላይ ትለጥፈው ነበር። አንዳንዱን በእጇ፣ አንዳንዱን በስፌት መኪና ሰፍታዋለች።

በ1886 በአቴንስ በተደረገ የጥጥ ትርኢት ላይ አንዱን ሥራዋን ለሕዝብ አቀረበች። ልብሱ በ11 ክፍል የተከፈለ ሲሆን፣ አዳምና ሔዋን፣ ቃየል አቤልን ሲገድል፣ የያዕቆብ ሕልም፣ የክርስቶስ ጥምቀት፣ የመጨረሻው ራት፣ ስቅለቱና ሌሎችም የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች በጨርቅ ተሥለውበታል። ሰዎቹ ፊታቸው ላይ ዓይንና አፍንጫ የላቸውም፤ ነገር ግን ክንዳቸው አነሣሥና አቋቋማቸው ብቻ ማን ምን እያደረገ እንደሆነ ይናገራል።

ያን ቀን ከተመልካቾቹ መካከል ጄኒ ስሚዝ የምትባል፣ በከተማው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሥዕል የምታስተምር ነጭ መምህርት ነበረች። ሥራውን እንዳየች ሠሪዋን አፈላልጋ አገኘቻትና ካልገዛሁ አለች። ሐሪየት እንቢ አለች። ልጅ አይሸጥም እንደማለት ነው።

ክፉ ቀን መጣ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ኑሮ ከበዳቸውና ሐሪየት ልሸጥ ነው ብላ ላከች። በዚያን ጊዜ ደግሞ መምህርቷ ገንዘብ አልነበራትም። በመጨረሻ ወደ 1891 ገደማ ሐሪየት በበሬ በሚሳብ ጋሪ፣ ሥራዋን በንጹሕ የዱቄት ከረጢት ጠቅልላ መጣች። አሥር ዶላር ጠየቀች። አምስት ዶላር ተባለች። ወጥታ ከባሏ ጋር ተማከረችና ተመልሳ በአምስቱ ሸጠች። ከመሄዷ በፊት ግን እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳች፤ መምህርቷም የነገረቻትን ጻፈች። ሐሪየት ከዚያ በኋላም ልብሱን ለማየት ደጋግማ ትመጣ ነበር። ትንሽ ያጽናናት ነገር ቢኖር መምህርቷ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሁሉ አስቀምጥልሻለሁ ብላ ቃል መግባቷ ነው።

ሁለተኛው የታወቀ ሥራዋ ከ1895 እስከ 1898 ባለው ጊዜ የተሠራ ሲሆን 15 ክፍሎች አሉት። እዚህ ላይ ሐሪየት ከሙሴ፣ ከዮናስና ከኢዮብ ጋር የራሷን ሕዝብ ትዝታ አስገባች። በ1780 በቀትር ጨለማ የሆነበትን ቀን ሰፋች። በኖቬምበር 1833 ሌሊት ከዋክብት እንደ ዝናብ የወረዱበትን ሰፋች። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ከመወለዷ 57 ዓመት፣ ሁለተኛው 4 ዓመት በፊት የሆነ ነው። ከሽማግሌ አፍ ሰምታ ነው እንጂ አላየችውም። በ1895 የካቲት አካባቢ የወረደውን ኃይለኛ ብርድ ግን በዕድሜዋ ያየችው ነው። ከጆርጂያ ተነሥታ 500 ማይል ሮጣ ቨርጂኒያ ገባች የተባለች አንዲት አሳማም ቦታ አግኝታለች። ትልቁም ትንሹም ወሬ በአንድ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጠ።

የኋለኛው ዕድሜዋ የሚያስደስት አልነበረም። በ1890ዎቹ መሬቱ በጥቂት በጥቂቱ ተሸጠ፤ ከባሏም ጋር ተለያዩ። እሷ ግን መስፋቷን አላቆመችም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1910 አረፈች፤ በአቴንስም ተቀበረች። የመቃብሯ ድንጋይ እንኳ ጠፍቶ ቆይቶ የተገኘው በ2005 ነው። ለረጅም ዘመን ፊደል አትቆጥርም ነበር ሲባል ቆይቷል። ኋላ ግን የ1896 ደብዳቤዋ ቅጂ ተገኘና ማንበብ እንደምትችል፣ ከሁለቱ ሌላም ልብሶች እንደሠራች ታወቀ። ዛሬ እስካሁን መኖራቸው የሚታወቀው ሁለቱ ናቸው። በአምስት ዶላር የተሸጠው በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር፣ ሌላው በቦስተን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይገኛል። ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ለሕዝብ የታዩት በ2021 በቦስተን ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ እኛ አስተማሪዎችና እጩ መምህራን ምን እንውሰድ?

መጀመሪያ፣ የማስተማሪያ መሣሪያ የለም ብለን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። አንድ ክንድ አቡጀዲ፣ ከልብስ ሰፊ ደጃፍ የተለቀመ ቁርጥራጭ፣ መቀስ፣ መርፌና ክር ካለ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ይሞላል። ልጁ ሥዕሉን መጀመሪያ በወረቀት ይቁረጥ፤ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አድርጎ ለማጠፊያ ግማሽ ጣት ያህል ትርፍ ትቶ ይቁረጥ፤ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ያስይዝና ጠርዙን እያጠፈ ደቀቅ አድርጎ ይስፋ። ጥቁር ሥዕል በነጣ መደብ፣ ነጣ ያለ ሥዕል በጠቆረ መደብ ሲሆን ከሩቅ ይነበባል። አርባ ተማሪ አርባ ካሬ ቢሰፋ የአንድ መንደር ታሪክ ይወጣዋል።

ሁለተኛ፣ ልጁ አያቱን ጠይቆ ይምጣ። ረኀቡን፣ ጎርፉን፣ አንበጣውን፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበትን ቀን ያየ ሽማግሌ ገና አለ።

ሦስተኛው ለራሳችን ነው። ጄኒ ስሚዝ ባትጽፈው ኖሮ የዚያ ልብስ ትርጉም ከባለቤቷ ጋር ይቀበር ነበር። ለዚህ ምስጋና ይገባታል። ነገር ግን የአሥር ዶላሩን ሥራ በአምስት የወሰደችውም እሷው ናት። አስተማሪ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ነገ ገጠር ስንመደብ ደብተር የሌለው ልጅ የሠራውን ይዞልን ሲመጣ፣ ቁጭ ብለን እናዳምጠው፤ የነገረንን እንጻፍለት፤ ስሙንም ከሥራው ሥር እናስፍርለት። ዋጋውንም አናሳንስበት።